የዓሣ ገንዳው ሞተር እናቴን ሌሊት አላስተኛት አለ፤ ማጥፋትም አልቻልኩም

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ነገሩ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ለልጄ የዓሣ ገንዳ ከገዛንላት አምስት ወር ሆነን። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ነው። ውሃውን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስለምንሞላው 54 ሊትር ይይዛል። ያስቀመጥነው ሳሎን ካለው ቡፌ ላይ ነው። ከቡፌው ጀርባ የቺፕውድ ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የእናቴ አልጋ።

ቀን ቀን ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው ሞተር መኖሩም አይታወቅም፤ የመኪናው ድምፅና የልጆቹ ጫጫታ ይውጠዋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ጭር ሲል ግን ቤቱ በሙሉ «ዝዝዝ» ይላል። እናቴ «ልጄ፣ ትራሴ ውስጥ ንብ የገባ ይመስለኛል» አለችኝ። ለሱብሂ የምትነሣ ሰው ናት፤ እንቅልፏም ድሮውኑ ቀላል ነው። ስለዚህ ማታ ሞተሩን ከሶኬት እየነቀልኩ ጠዋት መሰካት ጀመርኩ። ሦስት ሌሊት በደኅና አለፈ። በአራተኛው ጠዋት ዓሣዎቹ ሁሉ ውሃው አፍ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። ከሰባቱ ጎልድፊሽ ሁለቱ ሞተው ተንሳፈዋል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ዋልኩ።

አሁን ሞተሩ ሌሊትም ይሠራል፤ እናቴ ግን አትተኛም። ሌላ ክፍል የለንም። ሞተሩ ተራ ነው፤ አንድ የአየር መውጫ ያለው፣ 3 ዋት የሚል የተጻፈበት። ምን ላድርግ?

ሰኞ ገበያ (ደሴ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:45

ሞተሩን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለህ ካርቶን ውስጥ ክተተውና ክዳኑን ዝጋው። እኔ እንደዚያ አድርጌ በጣም ቀንሶልኛል።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ወንድም ዓለም፣ እባክህ ብርድ ልብሱን ተወው። ሞተሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በልባሱ ዙሪያ ባለው አየር ነው። ብዙዎቹ ሞተሮች አየር የሚስቡትም ከሆዳቸው ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ጠቅልለህ ስታፍነው አየሩን የሚገፋው የውስጡ ላስቲክ በሙቀት ይደርቃል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ይሰነጠቃል። ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ ቤት ውስጥ እንዲኖር አልፈልግም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ሞክር። ቤቱ ጭር ሲል ሞተሩን ሳታጠፋ በሁለት ጣትህ አንሥተህ አየር ላይ ያዘው፤ እጅህ ደረቅ ይሁን። ገመዱም ቱቦውም ምንም እንዳይነካ አድርግ። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ ሞተርህ ጤነኛ ነው፤ የሚጮኸው ቡፌው ነው ማለት ነው። እጅህ ላይ እያለም የሚንቀረቀር ከሆነ ግን ጥፋቱ ውስጡ ነው። ይህን ሳናውቅ ምክር ብናዥጎደጉድልህ ገንዘብህን በከንቱ ነው የምናስጨርስህ።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

ስለ ሁለቱ ዓሣዎች ሞት አንድ ነገር ልበል፤ ልጅቷም ብታውቀው ይጠቅማታል።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ውሃ ምን ያህል ኦክሲጅን አሟሙቶ እንደሚይዝ የሚወስኑት ደግሞ ይህ ግፊትና የውሃው ሙቀት ናቸው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። እዚህ ደሴ ያው ውሃ፣ ያው ሙቀት፣ ከ7 ሚሊ ግራም በታች ነው። ኮምቦልቻ ወርዳ ብትገኝም ሙቀቷ ስለሚበረታ ብዙ አትሻልም፤ ውሃው 25 ዲግሪ ሲደርስ እዚያም ከ7 በታች ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው «እኔ ሌሊት አጠፋለሁ፣ ምንም አልሆኑም» ቢልህ ለእሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ከመነሻው የተቀነሰ ስንቅ ነው።

በዚያ ላይ ጎልድፊሽ ብዙ የሚበላና ብዙ የሚያቆሽሽ ዓሣ ነው። ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን ይጋሩታል። ገንዳው ውስጥ ተክል ካለ እሱም በጨለማ ኦክሲጅን ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። እንደ እውነቱ ከሆነ አምስቱም ቢሆኑ ለ54 ሊትር ይበዛሉ። ሞተሩን ማጥፋት አይታሰብም። ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ግን ራስህን አትውቀስ፤ ያደረግኸው ለእናትህ አስበህ ነው።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:40

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለልጄ የነገሩኝን በሙሉ አነበብኩላት። «እንግዲያው ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ቢሆኑ ይብስባቸው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቦርከና ዳር፣ እንዳልከኝ አደረግሁ። ሞተሩን ሳነሣው የቆመ መሰለኝ፤ ጆሮዬን ካላስጠጋሁት አይሰማም። መልሼ ቡፌው ላይ ሳስቀምጠው መስታወት በሩ ተንቀጠቀጠ፤ ውስጥ የተደረደሩት ሲኒዎች ሲነካኩም ሰማሁ። አነሣሁት፣ ዝም። አስቀመጥኩት፣ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ «አጠፋኸው እንዴ?» አለች። አምስት ወር ሙሉ ሞተሩን ስወቅስ የኖርኩት በከንቱ ነበር።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:50

በጣም ጥሩ፤ ከባዱ ነገር አለፈ። እንግዲህ አሠራሩን ልንገርህ፤ ካወቅኸው መፍትሔውን ራስህ ታገኘዋለህ።

ሞተሩ ውስጥ የሽቦ ጥቅል አለ። ከፊቱ ጫፉ ላይ ማግኔት የተገጠመለት ክንድ፣ ከክንዱ ጋር ደግሞ የላስቲክ ጽዋ የመሰለች ዲያፍራም አለች። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ክንዱም በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ በእያንዳንዱ ምልልስ ዲያፍራሟ አየር ስባ ትገፋለች። ይህን ምት ማስቀረት አይቻልም፤ ሥራው ራሱ እሱ ነው። የምንችለው ምቱ ወደ ቡፌው የሚሻገርበትን መንገድ መቁረጥ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማንጠልጠል ነው። ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጣት የማይሞላ ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጥ፤ ጎሚስታ ቤት የተጣለ ሞልቷል። ሞተሩን በእሱ አስረህ ምንም ነገር ሳይነካ በአየር ላይ እንዲቀመጥ አድርግ። ሚስማሩን ግን ቺፕውዱ ላይ እንዳትመታ! ቺፕውድ ስስና ሰፊ ስለሆነ እንደ ከበሮ ቆዳ ነው። ቋሚው እንጨት ላይ ወይም ጭቃና ድንጋይ ያለበት ግድግዳ ላይ ምታው።

ከፍታውም ከውሃው ገጽ በላይ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ከውሃው በታች ከሆነ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተሩን ይሞላዋል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ሶኬቱ ይደርሳል። ከፍ ማድረግ ካልቻልክ አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ቱቦው መሐል አስገባ። የኤሌክትሪክ ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ከረገበ በኋላ ይነሣ፤ ጠብታ ቢወርድበት እታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:15

ማንጠልጠሉ ለምን አስፈለገ? እኔ የበረባሶ ጎማ ቆርጬ ከሞተሩ ሥር አነጠፍኩ። ወፍራም ላስቲክ ነው፤ የመኪና ክብደት የቻለ ጎማ ለ3 ዋት ሞተር ያንሳል?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

ችግሩ እዚያው ላይ ነው ወንድሜ፤ የመኪና ክብደት ስለቻለ ነው የማይረዳው።

ንዝረት የሚያግድ ነገር የተቀመጠበት ዕቃ ሲጫነው ሰጠም ማለት አለበት። ሞተሩ ቀላል ነው፤ ጠጣሩ ጎማ ላይ ብታስቀምጠው ጎማው መጫኑንም አያውቅም። የማይሰጥም ነገር ምቱን እንዳለ ወደ ታች ያሳልፋል። ሞተሩን ስፖንጅ ላይ አስቀምጠኸው አንድ ሚሊ ሜትር ቢሰጥም፣ ሞተሩና ስፖንጁ አንድ ላይ በራሳቸው ቢወዛወዙ በሰከንድ ወደ 16 ጊዜ ይሆናል። የሞተሩ ምት 50 ነው። ማገጃው መሥራት የሚጀምረው የራሱ ውዝዋዜ ከ50 በ1.4 እጥፍ ሲያንስ ነው፤ ይኸውም ከ35 በታች ሲሆን። 16 ከዚያ በብዙ ስለሚያንስ ስፖንጁ በደንብ ይሠራል። ጠጣር ጎማ ላይ ግን መስጠሙ የፀጉር ውፍረትም አይሞላ፤ እንዲያውም ሁለቱ ምቶች ከተቀራረቡ ሊያብስ ይችላል። ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ኩንታል ለሚመዝን ማሽን የምናነጥፈውን ጎማ ለትንሽ ሞተር ማንጠፍ ያው ባዶ ጠረጴዛ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

ቡፌው ለምን እንደሚጮህ ለልጅቷ ማስረዳት ከፈለግህ መሰንቆ አሳያት። የጭራውን ክር ብቻውን ወጥረህ ብትገርፈው አጠገብህ ያለ ሰው እንኳን በቅጡ አይሰማውም። ቆዳ የለበሰው ሣጥን ላይ ሲወጠር ግን አዳራሽ ይሞላል። ክሩ ጉልበቱ አልጨመረም፤ ሰፊ ገላ አገኘ እንጂ። ያንተ ቡፌ ባዶ ሆድ ያለው ሣጥን ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ክሩ። ቺፕውድ ግድግዳውም ቡፌውን ከነካ ሁለተኛ ሣጥን ይሆናል። ቡፌውን ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ አድርገው፤ ምንም ወጪ የለውም።

ሚስማር የሚመታበት ቦታ ከሌለህ ደግሞ እኔ የምጠቀምበትን ልንገርህ። የሴራሚክ ቁራጭ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ስፖንጅ ላይ አስቀምጥ፤ ሞተሩን ሴራሚኩ ላይ በላስቲክ እሰረው። ሴራሚኩ ክብደት ስለሚጨምር ስፖንጁ ይሰጥማል፤ ሞተሩም ብቻውን የመንቀጥቀጥ አቅም ያጣል። አሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ይበቃል፤ የነጠላ ጫማ ሶልም ለስለስ ያለ ከሆነ አይከፋም።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:50

ትናንት ማታ ሚስማር መምታት ስላልፈለግሁ በመምህሩ መንገድ ጀመርኩ። ከሸክላ አንጣፊ የተረፈ ሴራሚክ፣ ከሥሩ ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ስፖንጅ። ቡፌውንም ከግድግዳው አራቅሁት፤ ሲኒዎቹን ለጊዜው ወደ ወጥ ቤት ወሰድኳቸው። ትልቁ «ዝዝዝ» ሄደ። አልሐምዱሊላህ።

ነገር ግን ትልቁ ሲሄድ ሌላ ትንሽ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ቀጭን ነው፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ቡፌውን በእጄ ስነካው አሁንም ትንሽ ይነዝረኛል። በተጨማሪ የአረፋው «ቡልቅ ቡልቅ» አለ። እናቴ የመጀመሪያውን ሌሊት የተሻለ ተኝታለች፤ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅታ እንደነበር ነገረችኝ።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:10

ወንድም ዓለም፣ ሁላችሁም ስለ ሞተሩ ስታወሩ ቱቦውን ረስታችሁታል። እኔ ሦስት ገንዳ አለኝ፤ ከሞተር ይልቅ በቱቦ ነው የተቸገርኩት።

ቱቦው ከሞተሩ አፍ ሲወጣ ምቱን ይዞ ነው የሚወጣው። ከርሮ የቡፌውን ጠርዝ ወይም የገንዳውን መስታወት ከነካ ስፖንጁ ያገደውን ንዝረት በሌላ በር ያስገባዋል። ድምፁ የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ የሚነካ የማይነካ ነገር አለ ማለት ነው። ቱቦውን በጣትህ ከሞተሩ እስከ ውሃው ተከተለው፤ የሚነካበት ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፁ ይለወጣል። እዚያ ላይ ትንሽ ስፖንጅ ጠቅልልበት። ከሞተሩ ሲወጣ አንድ ልቅ ጥምዝ ስጠው፤ ወጥሮ እንዳይዝ። ያረጀ ቱቦ ይደርቃል፤ የደረቀ ቱቦ ደግሞ እንደ ሽቦ ያስተላልፋል። አንዳንድ ሰው አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ይጠቀማል፤ ለስላሳ ነው፣ ግን ጠበብ ስለሚል ሞተሩን ያለፋዋል።

ቀጥሎ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን የአረፋ ድንጋይ ተመልከት። አምስት ወር ሆኖታል ብለሃል፤ ታጽዶ ያውቃል? ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ሞተሩ ለመግፋት ይታገላል፤ ድምፁ ይከብዳል፣ ዲያፍራሟም ቶሎ ትቀደዳለች። ድንጋዩን ለአፍታ ነቅለህ ቱቦውን ባዶውን ውሃ ውስጥ ተወው። የሞተሩ ድምፅ ከለሰለሰ ድንጋዩ ተደፍኗል፤ ለውጠው፤ ዋጋው ከሁሉ ነገር ይረክሳል። አየሩ በዛ ብለህ ደግሞ ቱቦውን ቋጥረህ እንዳታንቀው። ሦስት አፍ ያለው መገናኛ አስገብተህ ትርፉን ወደ ውጭ ልቀቀው።

«ቡልቅ ቡልቅ» የሚለው ከትላልቅ አረፋ ነው። አዲስ ድንጋይ ደቃቅ አረፋ ያወጣል፤ ደቃቁ አረፋ ሲፈነዳ ድምፁ ትንሽ ነው። ክዳኑም ቆርቆሮ ከሆነ ጠርዙ ላይ ላስቲክ አድርግበት።

ደግሞ አንድ ያስጨነቀኝ ነገር አለ። 54 ሊትር ውሃ 54 ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ከ60 ኪሎ ያልፋል። ቡፌህ ቺፕውድ ከሆነ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲያብጥ ይጎብጣል። እባክህ መሐሉን በሜትር ለካው። ጎብጦ ከሆነ ስለ ድምፅ ማሰቡን ትተህ መጀመሪያ ገንዳውን አውርደው።

ሐረጎ ቁልቁለት (ኮምቦልቻ)
ዓርብ፣ ከቀኑ 8:00

ይቅርታ፣ በመሐል ልግባ። የእኔ የአየር ሞተር ሳይሆን ገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል የውሃ ማጣሪያ ነው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንቀረቀራል። አንዳንዴ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይተዋል፣ አንዳንዴ እስከ ማታ ይቀጥላል። ግሪስ ልቀባው?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12:40

ግሪስ በፍጹም! ዓሣዎቹንም ላስቲኩንም ይጎዳል። ያ ሞተር የሚቀባው በውሃው ነው።

መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ውሃ ይወርድና አየር ይገባል። ሲመጣ ክንፉ ውሃና አየር እየደባለቀ ይመታል፤ የምትሰማው እሱን ነው። ማጣሪያውን ውሃ ሙላበትና ወደ ጎን ወደ ጎን አዘንብለው፤ አየሩ በአረፋ ይወጣል። የገንዳው ውሃ ተንኖ ጎድሎ ከሆነም አየር ይስባል፤ ሙላው።

በዚህም ካልተወ ከሶኬት ንቀልና ክንፉን አውጣው። ማግኔት ላይ የተተከለ ክንፍ ነው፤ በመሐሉ ቀጭን የሴራሚክ ዘንግ ያልፋል። በእኛ መብራት በደቂቃ 3,000 ጊዜ ስለሚዞር ትንሽ ቆሻሻ እንኳን ሚዛኑን ያስተዋል። ዘንጉ ላይ ነጭ ቅርፊት ካየህ ከውሃው የተረፈ ኖራ ነው፤ ከውሃ ጋር እኩል በተደባለቀ አቼቶ ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፍዝፈህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው፤ በደንብም አለቅልቀው። የዘንጉ ጫፎች ላይ ያሉትን ትንንሽ የላስቲክ ቆቦች እንዳትጥላቸው፤ ብዙ ሰው ሲያጥብ ውሃ ይወስድበትና ከዚያ በኋላ ማጣሪያው ዝም ብሎ አያውቅም። ዘንጉ ተሰብሮ ከሆነ መጠገን የለም፤ መለወጥ ነው።

መብራት ሲጠፋ በኢንቨርተር የምታሠሩም ካላችሁ ልብ በሉ። ርካሹ ኢንቨርተር የሚሰጠው ሞገድ ለስላሳ አይደለም፤ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው። ያው ሞተር በእሱ ሲሠራ ይበልጥ ይጮሃል፣ ይሞቃልም። ሞተሩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትፈቱት።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2:30

እህት ዓለም፣ ቱቦው ነበር። ከቡፌው ጠርዝ ጋር ተጣብቆ የሚወርድበት ቦታ ላይ ጣቴን ሳስገባ ቀጭኑ ድምፅ ቆመ። አዲስ ቱቦና አዲስ የአረፋ ድንጋይ ከፒያሳ ገዛሁ። አሮጌውን ድንጋይ አውጥቼ በአፌ ብነፋው አየር በጭንቅ ነው የሚያልፈው።

መሐሉንም ለካሁ። ቡፌው አራት ሚሊ ሜትር ጎብጧል። አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ በሩ ለምን ጠበቀ እያልኩ ስገፋው እኖር ነበር። ቅዳሜ አንድ የእንጨት ሥራ የሚሠራ ጎረቤቴን ለምኜ ከወፍራም እንጨት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አሠራሁ። ቦታውም ከእናቴ ግድግዳ ርቆ፣ ሳሎኑ ውስጥ በመንገዱ በኩል ነው። ሞተሩን በላስቲክ ከቋሚው እንጨት ላይ ከውሃው በላይ አንጠለጠልኩት፤ ምንም አይነካም። ከገንዳው ሥር ቴሌቪዥኑ ካርቶን ውስጥ የመጣውን ነጭ ማሸጊያ አነጠፍኩ፤ እሱ ድምፁን ብዙም እንደማይቀንስ ተረድቻለሁ፤ መስታወቱ እኩል እንዲያርፍ ግን ረድቶኛል። ሲኒዎቹም ወደ ቡፌው ተመለሱ።

ዛሬ ሌሊት እናቴ ለሱብሂ ስትነሣ በሯን ከፍታ ወደ ሳሎን መጣች። የባትሪ መብራት ይዛ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ አየኋት። «ምነው?» ስላት «ዝም ሲል ጊዜ ሞቱ ብዬ ነው» አለችኝ። አምስቱንም ቆጠረቻቸው።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:00

እሰይ! ለእናታችን ሰላም በልልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ሲጠፋ ጆግ አዘጋጅ። ከገንዳው ውሃ እየቀዳህ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሰህ አፍስሰው፤ በየግማሽ ሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ። ኦክሲጅን የሚገባው በአረፋው ሆድ ሳይሆን በአብዛኛው ውሃው ገጽ ሲናወጥ ነው። በዚያ ቀን ምግብም አትስጣቸው።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)
እሑድ፣ ከቀኑ 7:15

ጆጉን ገንዳው አጠገብ ሰቅያለሁ። የማፍሰሱን ሥራ ልጄ ወስዳዋለች፤ አያቷ ደግሞ አሥሩን ትቆጥርላታለች።